ስኳር የሌለበት ስባሪ

የካቲት 3፣ ሰኞ

የጥርስ ሐኪሙ "ባልሽ የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ አፉ እንዴት እንደዋለ ጻፊልኝ" ስላሉኝ ይህን ደብተር ጀመርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ወረቀት ነው። ስለዚህ እጄ ቀርፋፋ ነው።

ዛሬ የበላው፦ ጠዋት የተፈጨ ድንች በወተት። ምሳ ላይ ሾርባ፣ ግማሹን። ማታ እንቁላል ቀቅዬ አድቅቄ ሰጠሁት፤ "አሸዋ ነው" ብሎ ተወው።

የጉሮሮው የጨረር ሕክምና ካለቀ ወዲህ ባሌ ምራቅ የለውም። ሲናገር ምላሱ ላንቃው ላይ እየተጣበቀ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሐኪሙ እንደነገሩን ጨረር ያገኘው መንጋጋ ቁስል አይሽርለትም፤ ጥርስ ቢነቀል አጥንቱም አብሮ ሊሞት ይችላል። "ያሉትን ጥርሶች እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ" አሉ። እጠብቃለሁ። ሌላውን ሐኪሞቹ ይጠብቁ፤ አፉ የኔ ድርሻ ነው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት

ሥራ ቦታ ሆኜ ነው የምጽፈው። እጄ ይጣበቃል።

እኔ በከረሜላ ፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ነኝ። የኛ መስመር የሚያሽገው ስኳር የሌለበትን የሎሚ ከረሜላ ነው። ማሽኑ የሰበረው ወደ ካርቶን አይገባም። በሳጥን ይጠራቀምና ሺፍት ሲያልቅ ተረኛዋ ይዛው ትሄዳለች። ስባሪ እንለዋለን። ትናንት ተራው የኔ አልነበረም። ተረኛዋ ግን ከረጢቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችና "ለምላሱ ነው፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለችኝ። ሌሎቹም ተራቸውን ለሱ ሰጡ። አመሰግናለሁ ለማለት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝና ወደ መጠቅለያ ወረቀቱ መጋዘን ገባሁ።

ምላሱ የሚሉት ባሌን ነው። እዚሁ ስኳር አብሳይ ነበር። የፈላውን ጠብታ በቀዝቃዛ ውሃ አብርዶ ይቀምስና ከሙቀት መለኪያው በፊት "ደርሷል" ይል ነበር። መለኪያውና እሱ ካልተስማሙ የሚቀየረው መለኪያው ነበር።

አሁን ጨውና ስኳር አይለይም።

የካቲት 9፣ እሑድ

ስባሪው ከአፉ አይጠፋም። አንዱ ሲያልቅ ሌላ። የሎሚው ኮምጣጣነት ጥቂት እርጥበት ይጠራለታል። መናገር ጀመረ! ዛሬ የጎረቤቱን ዶሮ አጯጯኽ እየቀዳ አሳቀኝ።

"እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ለሰው ስኳር ስቀቅል ኖሬ ስኳር በሌለው ልሸኝ" አለኝ።

"ምን ትላለህ? ወዴት ነው የምትሸኘው?"

"ወደ መኝታ ቤት" አለኝ።

ሆዱ ግን ትንሽ ተረብሿል። ከወተቱ ይሆናል።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጥርሱን ስቦርሽለት ድዱ ሥር ቡናማ መስመር አየሁ። የሻይ ቀለም መሰለኝ። ፈተግኩት። አልለቀቀም። የእጅ ባትሪ አምጥቼ አየሁ፤ ታች ያሉት የፊት ጥርሶቹ ሁሉ አላቸው።

ስኳር እኮ ከቤት አስወጥቻለሁ። ከየት መጣ?

የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ መቆለፍ አቁሟል። አንገቱን ብርድ ሳይመታው አልቀረም፤ በአንድ በኩል ትንሽ አብጧል። ሻርፕ ጠመጠምኩለት።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

የጥርስ ሐኪሙ በዚህ ደብተር ያለውን የምግብ ዝርዝር አገላበጡና "ከምግብ ውጪ አፉ ውስጥ የሚውል ነገር አለ?" አሉኝ። ስባሪውን ምግብ ነው ብዬ ስላላሰብኩ ከዝርዝሩ ውስጥ አልጻፍኩትም ነበር። ከረጢቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ በኩራት አሳየኋቸው።

"ስኳር የለበትም፣ ዶክተር።"

አንዷን አንስተው አሸተቱ። "ሎሚ" አሉ። "በቀን ስንት ጊዜ?"

"ቀኑን ሙሉ" አለ ባሌ። "ሚስቴ ታመጣለች፣ እኔ እጨርሳለሁ። ትዳር ማለት ይኸው ነው።"

አልሳቁም። ከረሜላው ውስጥ ያለው ሶርቢቶል ጤነኛ አፍ ላይ ብዙ ጉዳት እንደሌለው፣ ምራቅ በሌለበት ቀኑን ሙሉ ሲውል ግን የአፍ ባክቴሪያዎች እየለመዱት እንደሚሄዱ ነገሩኝ። የሎሚው አሲድ ደግሞ በራሱ ጥርስ ያሟሟል። "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እህቴ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም" አሉ።

ብዙ ሰው ከረሜላ ፋብሪካ አይሠራም። ብዙ ሰው በየማታው ከረጢት ተሸክሞ አይገባም።

ስንወጣ ክንዴን ያዘ። "ጥሩ ከረሜላ ነበር" አለኝ። "ጣዕሙን በምን አወቅከው?" ብዬ ጮኽኩበት። በመንገድ ላይ። ሰው ዞሮ አየን።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ፋብሪካው ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራዋን ልጅ በደረጃው ላይ ጠበቅኳት። የወደቀ ወረቀት ካለ አንሥቼ እንደማነብ ታውቃለች፤ አንዳንዴ ሆን ብላ ትጥልልኛለች። ዛሬ ግን ቁጭ ብላ በቃሏ አስረዳችኝ።

"ስኳር ለባክቴሪያዎቹ የተላጠ ለውዝ ነው፣ እናቴ። ይጎርሱታል፣ አሲዱን ይተፉታል፤ ጥርስን የሚበላው እሱ ነው። ሶርቢቶል ከነቅርፊቱ ያለ ለውዝ ነው። የተላጠ እያለ ማን ይደክማል? ሌላ ሲያጡ ግን ቀስ ብለው መስበሪያ ያበጃሉ።"

"እና ሁልጊዜ ከሰጠናቸው?"

"ሙያ ያደርጉታል። ምራቅ ቢኖር የተፉትን ያጥበው ነበር።"

ባክቴሪያዎቹን ሙያ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ አስተማሪ ሆንኩ።

ዛይሊቶል የሚባል ሌላ አለ። እሱን ስኳር መስሏቸው ያስገቡታል። ከገባ በኋላ ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ መልሶ ማውጣቱም ጉልበታቸውን ይጨርሳል። "እየበሉ ይራባሉ" አለችኝ እየሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። እየበላ የሚከሳ ሰው ቤቴ እንዳለ አልነገርኳትም። ቀበቶው ላይ ትናንት በምስማር ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት።

የካቲት 21፣ ዓርብ

የፋብሪካው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኜ ከበሩ ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

"አሁንም ስለ ጥርስ ነው የምታወራው?"

"አንገቱን አላየችውም እንዴ?"

"ተያት እስቲ። አንዳንድ ሰው የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።"

ስለ ማን እንደሚያወሩ አላውቅም። እስኪወጡ ድረስ ውሃውን ከፍቼ ቆየሁ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

የዛይሊቶል ማስቲካ ከትልቁ ፋርማሲ ገዛሁ። ማኘክ አቃተው፤ አፉ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። መልሼ በሚሟሟው እንክብል ለወጥኩት። ከምግብ በኋላ፣ ከሻይ በኋላ፣ ከመኝታ በፊት። ከዚያ ብሩሽ፣ ከዚያ ፍሎራይድ፣ ከዚያ በባትሪ ማየት። እንደ ወታደር ይታዘዘኛል። "አፍ ክፈት!" ስለው ይከፍታል። ቡናማው መስመር አልሰፋም። ምናልባትም ጠቧል።

ታላቅ እህቱ ከሩቅ መጣች። ማን እንደጠራት አልገባኝም። እኔ አልጠራኋትም። ሻንጣዋ ትልቅ ነው።

"ምነው እትዬ፣ በሰላም?" አልኳት።

"ወንድሜን ለማየት በሰላም ካልሆነ አልመጣም?" አለችና ፊቷን አዙራ መጋረጃውን ማስተካከል ጀመረች። መጋረጃው ምንም አልሆነም ነበር።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ዛሬ ትልቁ ሐኪም ጋ ነበርን፤ ጨረሩን ያዘዙት። ሌላ ጊዜ ከወረቀት ቀና የማይሉት ሰውዬ ዛሬ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ወዲያ አውጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። የራጅ ፎቶውን ለባሌ አሳዩት። እኔ ፎቶ ማንበብ አልችልም። ብዙ ተናገሩ፤ "ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ላይ ነው የምንሠራው" አሉ። ማስታገስ ጥሩ ቃል ነው።

"ጥርሱስ፣ ዶክተር? ሶርቢቶሉን አቁመናል፣ ዛይሊቶል ጀምረናል።"

ረዥም ጊዜ አዩኝ። "ጥርሱ አያስጨንቅሽ። ያማረውን ይብላ" አሉኝ።

ያማረውን ይብላ! ይህ ሐኪም ነው? አጥንቱ ቢበሰብስ እሳቸው ሊያስታምሙት ነው? አውቶቡስ ውስጥ ስብሰለሰል መጣሁ። እሱ እጄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካ፣ መስኮት መስኮቱን እያየ መጣ። ቤት ስንደርስ እትዬ በር ላይ ቆማ ነበር። አየችው፤ አያት። ወደ ጓዳ ገባች።

ማታ የበላው፦ ሦስት ማንኪያ ሾርባ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ከሥራ ስገባ እትዬ ሻይ እያጠጣችው ነበር። ጽዋውን ተቀብዬ ቀመስኩት። ስኳር! እንደ ሽሮፕ የወፈረ። ቤት ውስጥ ስኳር የለም፤ በሻንጣዋ ይዛ መጥታለች።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ወንድሜን ሻይ እያጠጣሁ።"

"ጥርሱን እየገደሉት ነው!"

"አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።"

"አልቀንስም! እኔ ቀን ከሌት ስጠብቅ እርስዎ በአንድ ስኒ ያፈርሱታል። ያ ሁሉ ባክቴሪያ ርቦት ነበር፤ አሁን ድግስ አበሉት!"

ጽዋውን ከእጄ ወሰደች። ድምፅዋ እንደ እኔ አልጮኸም። ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ጥርሱን ለመቼ ነው የምታስቀምጪለት?" አለችኝ።

እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም። እንቅልፍ ሲወስደው ቅንድቡ ይላላል።

ሥራ ነበረብኝ። አፉን አጥቤ፣ ቦርሼ፣ ፍሎራይዱን ቀባሁለት። ጥርሱ ከስኳር በኋላ ቶሎ እንዲታጠብ ነው የሚባለው፤ ደግሞ አሲዱ ለስልሶት ሳለ ወዲያው መቦረሽ አይገባም የሚልም አንብቤያለሁ። የትኛው እንደሚሻል አላወቅኩም። ሁለቱንም አደረግኩ፤ ጠብቄም፣ ሳልጠብቅም።

ለመቼ ነው አለችኝ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የጥርስ ክሊኒኩ ስልክ ደወለ። የሳምንቱ ቀጠሮ "ካልተመቻችሁ ሊቀር ይችላል" አሉ። ይመቸናል አልኩ። ይመቸናል። ጻፉን አልኩ።

ምንም አልበላም። ውሃ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

የማታውን ብሩሽ ጨርሼ በባትሪ እያየሁት ነበር።

"አጥፊው" አለኝ። ድምፁ አሁን ሹክሹክታ ብቻ ነው።

"የኋላዎቹ ቀሩኝ።"

"መብራቱንም አጥፊው።"

አጠፋሁ። ጨለማ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ሳሎን ውስጥ ሰዓት እየሞላች ነበር፤ ይሰማል።

"ወር ሙሉ አፌን አየሽ" አለኝ። "ፊቴን ያየሽው መቼ ነው?"

"በየቀኑ እንጂ!"

"እስቲ ንገሪኝ፤ ዛሬ ተላጭቻለሁ ወይስ አልተላጨሁም?"

አሰብኩ። ታች ያሉትን ጥርሶች ብጠየቅ በተራ እናገር ነበር፤ የትኛው እንደተሸረፈ፣ የትኛው መስመር እንዳለው። ጉንጩ አልታይ አለኝ።

"ተላጭተሃል።"

ያ ድምፅ የሌለው ሳቁ አልጋውን ነቀነቀው። እጄን ፈልጎ ያዘና ጉንጩ ላይ አደረገው። ጢሙ የሳምንት ነው። ለስልሷል፤ ከመሻከር አልፏል። ከጉንጩ ሥር አጥንቱን አገኘሁት። ከዚያ እጄን ወደ አንገቱ አወረደው፤ ሻርፑን ገፋ አድርጎ። ልስበው ብል አልለቀቀኝም።

"ይሄንንም እወቂው" አለኝ።

ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍም።

እጄን እዚያው እንዳደረግኩ "ተናደድክብኝ?" አልኩት። "በስባሪው?"

"የኔ ዝምተኛ፣ እኔ የተናደድኩት ባትሪው ዓይኔን ስለሚወጋኝ ነው።"

መጋቢት 8፣ ሰኞ

አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩ። "ለስንት ጊዜ?" ሲለኝ አላውቅም አልኩት። ቅጹን ሳይሰጠኝ "ሂጂ" አለኝ። ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ማሽኑን አቁመው ተሰናበቱኝ። ያ ማሽን ለሰው ሲቆም አይቼ አላውቅም።

እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። "አፍሽን ያዢ፤ ሽንኩርቱን ክተፊ" አለችኝ። አብረን ከተፍን፤ ለማልቀስ ምክንያት ሆነን።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ዛሬ ተነሣ። በእትዬና በኔ ትከሻ ላይ ሆኖ ወጥ ቤት መጣ። ምድጃው አጠገብ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ትራስ ደረብንለት።

"ዛሬ አብሳይ አደርግሻለሁ" አለኝ። "ዕድሜሽን በሙሉ የሰው ሥራ ስትጠቀልይ ኖርሽ።"

ከእትዬ ሻንጣ የቀረውን ስኳር ድስት ውስጥ ጨመርኩ፤ ውሃ ጨመርኩ። ሲፈላ ማማሰያ ሳነሣ እጁን አወራጨ።

"አታማስዪው! ከፈላ በኋላ ከነኩት ይኮርፋል። ተመልሶ አሸዋ ይሆናል።"

"ምን ልሥራ ታዲያ?"

"ስሚው።"

ሦስታችንም ድስቱን ሰማን። መጀመሪያ እንደ ዝናብ ነበር፤ ትልልቅ አረፋ፣ ጫጫታ። "ውሃ እያለው ይለፈልፋል" አለ። "ሲደርስ ድምፁ ይወፍርና ቁጥብ ይሆናል፤ እንዳንቺ።" ጠብታ አንሥቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣልኩ፤ ለስላሳ ኳስ ሆነ። "ገና።" ሁለተኛዋ እንደ ክር ተለጠጠች። "ገና።" ቀለሙ መቅላት ሲጀምር እሳቱን ላጠፋ እጄን ዘረጋሁ፤ "አንድ ትንፋሽ ጠብቂ" አለኝ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሦስተኛዋ ጠብታ ውሃው ውስጥ ቋ ብላ ተሰነጠቀች።

"ደርሷል" አለ።

ቅባት የቀባነው ትሪ ላይ ስናፈሰው እትዬ አጨበጨበች። እንደ መስታወት ቀጥኖ ተዘረጋ። ሲበርድ በማንኪያ ጀርባ መታሁት።

"ቅመሺና ንገሪኝ።"

እሱ ጣዕም ካጣ ወዲህ ጣፋጭ በአፌ አልዞረም። ምላሴ ላይ አደረግኩት። "መጀመሪያ ምንም የለም" አልኩት። "ለስላሳ ብቻ። አሁን መጣ። ብዙ ጣፋጭ ነው። አሁን ደግሞ ከኋላ ትንሽ ይመራል።"

"ያ መራራው ነው የኔ ሥራ" አለ። "ጣፋጩንማ ስኳሩ ራሱ ያመጣዋል።"

ከዚያ አፉን ከፈተ። አፍ ክፈት አላልኩትም ነበር። ከሁሉ የቀጠነውን መርጬ ምላሱ ላይ አኖርኩለት። ጠበቅን። ከረሜላው እንደተቀመጠ ተቀመጠ፤ እርጥበት የሚጠራ ሎሚ የለበትም፤ ማሟሟት የሚችል ምራቅም የለም። ምላሱ ላይ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ያበራል። በቅንድቡ ጠየቀኝ። እትዬ ብርጭቆ ውሃና የሻይ ማንኪያ አቀበለችኝ፤ እኔም ጠብ አደረግኩለት። ጫፉ ሟሟ። ሌላ ጠብ አደረግኩ። የሟሟው ስኳር ወደ ታችኞቹ ጥርሶቹ፣ ወደ ቡናማው መስመር ሲወርድ አየሁት። ማን እዚያ እንደሚጠብቀው አውቃለሁ።

"ይጣፍጣል?" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ አይ። ግን አልተፋውም። ፊቴን እያየ አፉ ውስጥ ያዘው። እኔም አየሁት። ግራ ዓይኑ ሥር አንዲት ነጥብ አለችው፤ እትዬም አላት። ዛሬ ተላጭቷል።

ትንሽ ቆይቶ "ጨምሪ" አለኝ፤ ውሃውን። ጨመርኩ። ከዚያ ከረሜላው ቶሎ እንዳያልቅ ጠብታውን አሳነስኩ።